«ፊርማ ካለ ሌላው ትርፍ ነው» ስለተባለው የባሕር ሥዕል

የሸራ ጀርባ፦ አንዲት እህታችን ሜሪላንድ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የገዛችውን የቅባት ቀለም ሥዕል ትናንት እዚህ አሳይታን ነበር። ማዕበል፣ መርከብ፣ የጨረቃ ብርሃን፣ ከታች በቀኝ በኩል «አይቫዞቭስኪ» የሚል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታዋቂ የባሕር ሠዓሊ ፊርማ። ዋጋውን ብትጠይቅ ጋሼ አስመጪ «ፊርማ ካለ ሌላው ትርፍ ነው፤ ሚሊዮን ይዘሻል» አሏት። እንዴት ያለ ምክር ነው? ማዕበል መሣል ያቃተው ሰው እንኳ ስም መጻፍ አያቅተውም።

ጋሼ አስመጪ፦ ልጄ፣ እኔ በንግድ ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 የጨረታው ድርጅት ሶዝቢስ ለንደን ላይ የዚሁ ሰው የቁስጥንጥንያ ሥዕል ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲሸጥ ገዢው የከፈለው ለውሃው ነው? ሰውዬው ደግሞ ወደ 6,000 ሥዕል እንደ ሠራ ይነገራል። ከዚያ ሁሉ አንዱ ሜሪላንድ ቢገባ ምን ይገርማል?

የሸራ ጀርባ፦ ብዙ የሠራ ሰው ብዙ አስመሳይ ያፈራል፤ ይህንንስ ንግድ አላስተማረዎትም? እዚያው ሶዝቢስ በ2004 የሩሲያዊው ሠዓሊ የሺሽኪን ነው የተባለ የገጠር ሥዕል ለጨረታ አቅርቦ በመጨረሻው ሰዓት አነሣው። ለካ ከአንድ ዓመት በፊት ስዊድን ውስጥ የሆላንዳዊው ሠዓሊ የኩክኩክ ሥራ ተብሎ የተሸጠ ነበር። ሰዎቹንና በጎቹን አጥፍተው፣ የእውነተኛውን ሠዓሊ ስም ፍቀው የሺሽኪንን ጻፉበት። የሞስኮው የትሬትያኮቭ ሙዚየም ማረጋገጫ ሳይቀር ነበረው። ፊርማው ግን «ነበረ»፣ ጋሼ።

ጋሼ አስመጪ፦ አንድ አጭበርባሪ ተገኘ ተብሎ ፊርማ ሁሉ ሐሰት ይሁን?

ቅርስ ጠጋኝ፦ ሐሰት ነው ያለ የለም፤ ይመርመር ነው የተባለው። አይቫዞቭስኪ የሞተው በ1900 ነው። ቲታኒየም ነጭ ቀለም ለሠዓሊዎች ገበያ የወጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ በማዕበሉ አረፋ የመጀመሪያ ንብር ውስጥ ከተገኘ ነገሩ አበቃ። የፊርማው ቀለም ወደ ስንጥቆቹ ውስጥ ፈስሶ ከሆነም ሥዕሉ አርጅቶ ከተሰነጠቀ በኋላ የተጻፈ ነው ማለት ነው። አሮጌ የሙጫ ቫርኒሽ በአልትራቫዮሌት መብራት አረንጓዴ ሲያበራ፣ ከላዩ የተጨመረ ቀለም ጠቁሮ ይታያል። ይህን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ዘመኑ ትክክል ነው እንጂ እጁ የእርሱ ነው አያሰኝም። በትውልድ ከተማው በፌዮዶሲያ ተማሪዎች ነበሩት።

የፒያሳ ልጅ፦ ለሩሲያዊ ሠዓሊ ይህን ያህል መጨቃጨቅ!

አራት ኪሎ፦ ሩሲያዊ? አርመናዊ ነው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እንኳ በ2023 «ዩክሬናዊ» ብሎ ለጥፎ፣ አርመኖች ሲቆጡ አስተካክሏል። የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ከአርመናዊው የሙዚቃ ሰው ከናልባንዲያን የተቀበልን ሰዎች ይህን ልንስት አይገባም።

የፒያሳ ልጅ፦ የተወለደው ክራይሚያ፣ ያገለገለው የሩሲያን ባሕር ኃይል። መዝሙሩን ምን አመጣው?

አራት ኪሎ፦ ሰውን በአሠሪው የምትጠራ ከሆነማ ናልባንዲያንንም ሐበሻ በለው።

የሥዕሉ ባለቤት፦ ይቅርታ፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ ዋጋው ነበር። ደግሞ አማቴ ቆሻሻውን በድንች ጥረጊው እያሉኝ ነው።

ቅርስ ጠጋኝ፦ እህቴ፣ በፍጹም! ድንችም፣ ሳሙናም፣ ዳቦም አታስነኪው።

ጋሼ አስመጪ፦ ለምን አትጠርገውም? ካምብሪጅ ፊትዝዊልያም ሙዚየም ያለው የሆላንዳዊው ሠዓሊ የቫን አንቶኒሰን የባሕር ዳርቻ ሥዕል በ2014 ባይጠረግ ኖሮ ከሥሩ የነበረው ዓሣ ነባሪ ይገኝ ነበር? ሰዎች ባዶ አሸዋ ላይ ተሰብስበው ምን እያዩ ነው እየተባለ ከ1873 ጀምሮ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ሥዕል ነው።

ቅርስ ጠጋኝ፦ የጠረገችው የሠለጠነች ባለሙያ ናት፤ ድንች አልያዘችም። ምሳሌዎም በራስዎ ላይ ነው የዞረው። የሞተ ዓሣ አይሸጥም ብሎም ይሁን በሌላ ምክንያት፣ አንድ ሰው ዓሣ ነባሪን የሚያህል ነገር በቀለም መደበቅ ከቻለ፣ አንድ መስመር ፊርማ መጨመር ያቅተዋል?

የሥዕሉ ባለቤት፦ ጀርባውን አንስቼ ለጥፌያለሁ። ሸራው ከእንጨቱ ጋር የተያያዘው በስቴፕል ነው።

የሸራ ጀርባ፦ አለቀ! በዚያ ዘመን ሸራ በትንንሽ ሚስማር ነበር የሚመታው።

ቅርስ ጠጋኝ፦ አንተም አትቸኩል። አሮጌ ሸራ በኋላ ዘመን በአዲስ እንጨት ላይ እንደገና ሊወጠር ይችላል። ጠርዙ ላይ የድሮ የሚስማር ቀዳዳ አለ ወይ?

ጋሼ አስመጪ፦ ይኸው! ሥዕሉ ይቅርታ ይገባዋል።

የሸራ ጀርባ፦ ስቴፕሉ አላጸደቀውም፣ ጋሼ፤ አላስኮነነውም ብቻ ነው የተባለው። እህቴ፣ ገማች ስትፈልጊ ከሥዕሉ ዋጋ በመቶኛ የሚያስከፍል፣ ወይም «እኔው ልግዛው» የሚል ከመጣ በሩን ዝጊበት። ለመድን የሚጻፈው ግምትም በጨረታ የምታገኚው ገንዘብ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።

ጋሼ አስመጪ፦ ልጆቹ ግራ አጋቡሽ አይደል? ከሰለቸሽ እኔ በ400 ዶላር እወስደዋለሁ።

አራት ኪሎ፦ ሚሊዮኑስ?

ጋሼ አስመጪ፦ 400ው ለማዕቀፉ ነው።

ቅርስ ጠጋኝ፦ ማዕቀፉ ላይ የማን ፊርማ አገኙበት?