የአንበጣ መንጋ ዳግም ቢመጣ፦ ርጭት ብቻ ወይስ ሰብስቦ መጠቀምም?

አወያይ፦ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. እንዳየነው ዓይነት የበረሃ አንበጣ ወረራ ዳግም ቢከሰት፣ አንበጣውን ሰብስቦ ለምግብና ለመኖ ማዋል የዝግጅቱ አካል ይሁን ወይ?

አንደኛ ተከራካሪ፦ መሆን አለበት እላለሁ። አንበጣ መብላት ከእምነታችን ጋር አይጋጭም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 እንዲበሉ ከፈቀዳቸው መካከል አንበጣን በስም ይጠራል፤ መጥምቁ ዮሐንስም አንበጣና የበረሃ ማር ይመገብ እንደነበር በማቴዎስ ወንጌል ተጽፏል፤ በእስልምናም ሐላል ነው። በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያዋ ቀሲም ሰዎች አንበጣው በሌሊት ቅዝቃዜ ደንዝዞ ቁጥቋጦ ላይ እንዳረፈ ይለቅሙታል፤ ቀቅለውም ይበሉታል። የእኛ ገበሬ ግን ሰብሉን አጥቶ ከተባዩም ምንም ሳያገኝ ይቀራል።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ያነሱት ታሪክ እውነት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ብዛቱና መርዙ ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በሸፈነ መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል፤ እያንዳንዱ ሁለት ግራም ያህል ስለሚመዝንና በየቀኑ የክብደቱን ያህል ስለሚበላ፣ ሰው በጆንያ ለቅሞ ሰብሉን አያድንም። ክሎርፒሪፎስ ወይም ማላታይን የተባለ ፀረ ተባይ መድኃኒት የተረጨበት አንበጣ ደግሞ ወዲያው ላይሞት ስለሚችል፣ ለቃሚው የተመረዘውን ከጤነኛው በዓይኑ መለየት አይችልም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም የተረጨ አንበጣ እንዳይበላ ያስጠነቅቃል።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ለዚህ ስጋት መልስ የሚሆን ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በፓኪስታን ኦካራ አውራጃ ርጭት ያልደረሰበት ደን ተመርጦ፣ ገበሬዎች ሌሊት የሰበሰቡት አንበጣ በኪሎ 20 ሩፒ ተገዝቶ ለዶሮ መኖ ዋለ። በማግስቱ ዓመት በኬንያ ላይኪፒያም ለኪሎ 50 ሽልንግ እየተከፈለ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ስለዚህ የምጠይቀው፣ መንጋው ሳይደርስ የቤተ ክርስቲያን ደኖች፣ ንብ አናቢዎች ያሉባቸው ቀበሌዎችና የውኃ ምንጮች ዙሪያ ርጭት የማይገባባቸው የመሰብሰቢያ ቦታዎች ተብለው እንዲከለሉ፣ ሰው የማይኖርበት የጠረፍ ሜዳ ደግሞ እንዲረጭ ነው። ሥራው በመኖ ይጀመር፤ የሰው ምግብ የሚሆነው በቤተ ሙከራ ከተመረመረ በኋላ ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ቦታዎቹ ይከለሉ የሚለውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን መንጋ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል ዛሬ በእርስዎ ደን ያረፈው ትናንት ሌላ ክልል ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። የት እንደተረጨ የሚያሳየው መዝገብ በየዕለቱ በክልሎች መካከል ካልተላለፈና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ካልደረሰ፣ ለዶሮ መኖም ቢሆን አልደግፍም።