አርሰናል በሦስት ጨዋታ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ግብ፦ ስጋታችን ምን ላይ ሊያርፍ ይገባል?

የሸገር መድፈኛ (ነሐሴ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.)

ለአርሰናል ደጋፊዎች በሙሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የውድድር ዘመኑ ከተጀመረ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ክለባችን በፕሪሚየር ሊጉ የደረጃ ሰንጠረዥ ሃያኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ሆኖ ተቀምጧል። በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በሜዳችን በቼልሲ 2 ለ 0፣ ቅዳሜ ዕለት ደግሞ በኢትሃድ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተሸንፈናል። ዘጠኝ ግብ ሲቆጠርብን እኛ አንድም አላስቆጠርንም። አርሰናል የሊጉን የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ሲሸነፍ ከ1954/55 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሦስቱንም አንድ ግብ እንኳ ሳያስቆጥር መሸነፍ ግን በክለቡ የሊግ ታሪክ ከዚህ በፊት አልደረሰም።

እኔን ከውጤቶቹ ይልቅ ያሳሰበኝ የተሸነፍንበት መንገድ ነው። ብሬንትፎርድ ከ74 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ የተመለሰ ክለብ ነው፤ ሁለተኛዋን ግብ ያገኘው ከረጅም የእጅ ውርወራ ሲሆን፣ ኳሷ በግባችን አፍ ላይ ነጥራ ስታልፍ ተከላካዮቻችንም ሆኑ በረኛችን ሌኖ ሳያርቋት ቀርተው ኖርጋርድ በጭንቅላቱ አስቆጥሯል። ከሲቲ ጋር ግራኒት ዣካ በ35ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ሲወጣ ቀድሞውኑ 2 ለ 0 እየተመራን ስለነበር፣ ሽንፈቱን በሙሉ በቀይ ካርዱ ማሳበብ የሚቻል አይመስለኝም።

አሁን ሊጉ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተቋርጧል፤ በዚህ ሳምንት የእኛም ዋልያዎች ከጋና ጋር ይጫወታሉ። አርሰናል የሚመለሰው ከኖርዊች ጋር በአዲስ ዓመታችን ዕለት፣ መስከረም 1 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በርንሌይ፣ ከዚያም ቶተንሃም ይከተላሉ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህ ደካማ ጅማሮ የጉዳት፣ የሕመምና የጨዋታ መርሐ ግብር ውጤት ነው ወይስ የአሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ ቡድን ከመሠረቱ የጎደለው ነገር አለ? ሁለቱን ለመለየትስ በቀጣዮቹ ጨዋታዎች ምን ማየት ይኖርብናል? በስሜት ሳይሆን በማስረጃ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሃይበሪ ናፋቂ (ነሐሴ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በሁለት ከፍለው ማቅረብዎ ተገቢ ነው፤ ብዙዎቻችን ሁለቱን እያደባለቅን ስንከራከር ሰንብተናልና።

በመጀመሪያ ተጋጣሚዎቻችንን እንመልከት። ከሦስቱ አንዱ ያለፈው ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሲሆን ሌላው ባለፈው ግንቦት በፖርቶ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ያነሣ ቡድን ነው። ሲቲ እኛን ከማግኘቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ኖርዊችንም በተመሳሳይ 5 ለ 0 አሸንፏል። ስለዚህ ከእነዚህ ሁለት ጨዋታዎች ምንም ነጥብ አለማግኘት የሚያሳምም ቢሆንም ያልተጠበቀ አልነበረም፤ በእርግጥ ልንጠየቅበት የሚገባው የብሬንትፎርዱ ሽንፈት ነው።

ሁለተኛው የተሰላፊዎች ጉዳይ ነው። በብሬንትፎርዱ ጨዋታ ኦባሜያንግና ላካዜት በሕመም ምክንያት አልነበሩም፤ ቶማስ ፓርቴይና ጋብሪኤል ማጋሌሽም ጉዳት ላይ ነበሩ፤ የፊት መስመሩን የመራው በሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በቋሚነት የተሰለፈው የ20 ዓመቱ ባሎጋን ነው። በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ከብራይተን የመጣው ቤን ዋይት ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ በኮሮና ተይዞ ሁለቱን ታላላቅ ጨዋታዎች አመለጡት። ሲቲን የገጠምነው በቼምበርስ፣ በሆልዲንግና በኮላሺናክ የመሐል ተከላካይ መስመር ነበር። አሰልጣኙ ለዚህ ዓመት ያሰበው የዋይትና የጋብሪኤል ጥምረት እስካሁን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አብሮ አልተጫወተም። ያልተሞከረን ቡድን ወድቋል ብሎ መፍረድ አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ከፈረንጆች ገና በፊት አርሰናል በ14 ጨዋታ 14 ነጥብ ብቻ ይዞ 15ኛ ነበር። ዓመቱን በ61 ነጥብ ሲጨርስ ከቀሪዎቹ 24 ጨዋታዎች 47 ነጥብ ሰብስቦ ነበር ማለት ነው፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎችም በሙሉ አሸንፏል። በዓመቱ የተቆጠረበት 39 ግብ ሲሆን ከዚህ ያነሰ የተቆጠረባቸው ሲቲና ቼልሲ ብቻ ናቸው። መከላከልን የማያውቅ ቡድን ይህን አያደርግም።

ይህን ስል አስተዳደሩን ነፃ እያወጣሁ አይደለም። ማርቲን ኦዴጋርድና ግብ ጠባቂው አሮን ራምስዴል የፈረሙት ሊጉ ከተጀመረ ከሳምንት በኋላ ነው። የዝውውር መስኮቱ ነገ ሊዘጋ የቀኝ ተመላላሽ ጉዳይ አሁንም አልተቋጨም። በዚህ ክረምት ከየትኛውም የሊጉ ክለብ በላይ ገንዘብ ያወጣ ክለብ የሚያስፈልጉትን ተጫዋቾች ለዝግጅት ጨዋታዎች አለማድረሱ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ቴክኒካል ዳይሬክተሩ ኤዱም ሊጠየቅበት ይገባል። ደግነቱ የመጡት አምስቱም፣ ዋይት፣ ኦዴጋርድ፣ ራምስዴል፣ ሎኮንጋና ታቫሬዝ፣ ከ23 ዓመት ያልበለጡ መሆናቸው ነው። ክለቡ አቅጣጫ መያዙ ግልጽ ነው፤ ወጣቶች ግን በነሐሴ ወር ዋጋ ያስከፍላሉ።

የኋላ መስመር (ነሐሴ 25 ቀን 2013 ዓ.ም.)

የሃይበሪ ናፋቂን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ክርክሩ ስለ ሦስት ጨዋታዎች ብቻ መደረጉን አልቀበልም። አርቴታ የተሾመው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ነው። በ2020 ቼልሲን 2 ለ 1 አሸንፎ የኤፍኤ ካፕን ማንሣቱ የማይረሳ ውለታ ነው። ከዚያ ውጪ ግን በሊጉ ሁለት ጊዜ ተከታትለን ስምንተኛ ወጥተናል፤ በዚህም ምክንያት ከ25 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፓ ውድድር አንሳተፍም።

ዋናው ችግር ግብ ማስቆጠር አለመቻላችን ነው፤ ይህ ደግሞ ዘንድሮ የጀመረ አይደለም። ባለፈው ዓመት በ38 ጨዋታ 55 ግብ አስቆጠርን፤ በዚያው ዓመት ገና ያደገው ሊድስ 62 አስቆጥሯል። በዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ እኛ ራሳችን ያሰናበትነው ኡናይ ኤምሪ ከሚመራው ቪያሪያል ጋር በሜዳችን አንዲት ግብ ለፍጻሜ ታበቃን ነበር፤ ጨዋታው ግን 0 ለ 0 አለቀ። በዚያ ምሽት ዋይትም ኮሮናም ሰበብ አልነበሩም። ኳስ ከኋላ መሥርተን እስከ መሐል ሜዳ በሥርዓት እናደርሳለን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሳጥን የሚገባ ሰው አይኖርም፤ ኳሱም ወደ መስመር ወጥቶ ይሻገራል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን የሚለውጥ አጥቂ በዚህ ክረምት አልተገዛም።

አሰልጣኝን ቶሎ መቀየር ክለብን ያፈርሳል የሚሉ አሉ። ክሪስታል ፓላስ በ2017/18 የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጨዋታዎች ያለ ምንም ግብ ተሸንፎ ነበር። ፍራንክ ደ ቦርን ከአራት የሊግ ጨዋታ በኋላ አሰናብቶ ሮይ ሆጅሰንን ሾመ፤ በመጨረሻም 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከኖርዊችና ከበርንሌይ ስድስት ነጥብ ካልተገኘ እኛም ተመሳሳይ ውሳኔ በጊዜ ልንወስድ ይገባል የሚል እምነት አለኝ።

አማካዩ (ነሐሴ 25 ቀን 2013 ዓ.ም.)

አጭር ማስታወሻ ልጨምር። ረቡዕ ዕለት በሊግ ካፕ ዌስትብሮምን 6 ለ 0 ስናሸንፍ ኦባሜያንግ ሦስት አስቆጥሯል። ተጋጣሚው ከሁለተኛው ዲቪዚዮን መሆኑንና አብዛኞቹ ቋሚዎቹም አለመሰለፋቸውን አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ሰው ባለፈው የውድድር ዘመን ማብቂያ አካባቢ በወባ ታሞ የነበረ ነው፤ ወባ ሰውን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያደክም በአገራችን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሙሉ ዝግጅት አድርጎ ሲመለስ ሳናይ በእርሱ ተስፋ መቁረጥ የለብንም።

ከሰሜን ለንደን (ነሐሴ 26 ቀን 2013 ዓ.ም.)

በቼልሲው ጨዋታ ኤምሬትስ ነበርኩ። ከመጋቢት 2020 ወዲህ ስታዲየሙ ሙሉ ደጋፊ ሲይዝ የመጀመሪያው ስለነበር፣ ከጨዋታው በፊት የነበረውን ድምፅና ደስታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል። በቴሌቪዥን በደንብ የማይታይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለቱም ግቦች የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ሬስ ጄምስ በእኛ ግራ በኩል ያለ ማንም ተከታይ ደጋግሞ ብቻውን ይቆም ነበር። ለመጀመሪያዋ ግብ ለሉካኩ አመቻቸ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛዋን ራሱ አስቆጠረ። ቲየርኒ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሳካ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሸፍን ወይስ አይሸፍን የሚለው በመካከላቸው ያልተወሰነ ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ግብ ከገባ በኋላ ይህ ሳይታረም ሃያ ደቂቃ መቆየቱ የጉዳት ሳይሆን የአሰልጣኝ ጉዳይ ነው። በዚህ ከየኋላ መስመር ጋር እስማማለሁ።

በፓላስ ምሳሌ ግን አልስማማም። ሆጅሰን ከተሾመ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሊግ ጨዋታዎች ተሸንፏል። ፓላስ ቼልሲን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ የማሸነፊያዋን ግብ ያስቆጠረው በመጀመሪያው ሳምንት ተጎድቶ የነበረውና በዚያ ዕለት የተመለሰው ዊልፍሬድ ዛሃ ነበር። ቡድኑን ከገባበት ያወጣው የአሰልጣኝ ለውጥ ብቻ ሳይሆን የዋናው ተጫዋች መመለስ ጭምር ነው፤ እኛም ፓርቴይንና ጋብሪኤልን እየጠበቅን ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የራሳችን ነው። ልክ ከአሥር ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2011፣ በኦልድ ትራፎርድ 8 ለ 2 ተሸነፍን። ፋብሪጋስና ናስሪ በዚያው ወር ተሸጠው ነበር፤ ከሦስት ጨዋታም አንድ ነጥብ ብቻ ነበረን። ከሦስት ቀን በኋላ፣ የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ዕለት፣ ከኤቨርተን የመጣው አማካይ ሚኬል አርቴታ ራሱ ነው። ያ ቡድን ዓመቱን በ70 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ አጠናቀቀ። አሰልጣኙ እንዲህ ካለ ሁኔታ እንዴት እንደሚወጣ በሜዳ ላይ ሆኖ አይቷል። ሆኖም በዚያን ጊዜ በሊጉ 30 ግብ ያስቆጠረ ሮቢን ቫን ፐርሲ ነበረን፤ ዛሬ ያለን ግን 32 ዓመት የሞላውና ባለፈው ዓመት በሊጉ 10 ግብ ብቻ ያስቆጠረ ኦባሜያንግ ነው። ስጋቴም ተስፋዬም በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

የሸገር መድፈኛ (ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዝውውር መስኮቱ ሲዘጋ ታኬሂሮ ቶሚያሱ ከቦሎኛ መፈረሙና ቤሌሪን በውሰት ወደ ቤቲስ መሄዱ የቀኝ ተመላላሹን ጥያቄ ቢያንስ በወረቀት ላይ መልሷል። ከመልሶቻችሁ የተረዳሁት የመከላከል ድክመቱ በአብዛኛው ከሰዎች አለመኖር የመጣ መሆኑን፣ የማጥቃት ድክመቱ ግን የቆየ መሆኑን ነው። ስለዚህ በኖርዊቹ ጨዋታ ከውጤቱ በተጨማሪ ስንት ሰው ወደ ሳጥን እንደሚገባ እቆጥራለሁ። የአውሮፓ ውድድር ስለሌለን አሰልጣኙ በሳምንቱ መካከል ለልምምድ የሚያገኘው ጊዜ ከተፎካካሪዎቹ ይበልጣል፤ ይህ ጊዜ በሜዳ ላይ ፍሬ ሲያፈራ ማየት እንፈልጋለን።

የኋላ መስመር (መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም.)

እንኳን አደረሳችሁ። ጨዋታው አሁን ተጠናቀቀ፤ 1 ለ 0 አሸንፈናል። ራምስዴል በሌኖ ፋንታ ተሰልፏል፤ ቶሚያሱ በቀኝ ጀምሯል፤ ዋይትና ጋብሪኤልም ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ቆመዋል። ግብ ሳይቆጠርብን መውጣታችን የሃይበሪ ናፋቂን ክርክር ያጠናክራል፤ ይህን በደስታ እቀበላለሁ። ፓርቴይም ተቀይሮ ገብቶ መሐል ሜዳውን አረጋግቶታል።

የማጥቃቱ ጉዳይ ግን ገና ነው። በርካታ ዕድል ፈጥረን ያገኘነው አንዲት ግብ ናት፤ እርሷም ፔፔ የመታው ኳስ ከቋሚው ተመልሶ፣ በድጋሚ ተሞክሮ፣ በመጨረሻ ኦባሜያንግ መስመሩ ላይ ደርሶ የገፋት ናት። የተደሰትኩት ኦባሜያንግ በዚያ ቦታ በመገኘቱ ነው፤ በብሬንትፎርዱም ሆነ በቼልሲው ጨዋታ እዚያ ቦታ ላይ የቆመ ሰው አልነበረንም። ኖርዊች አራቱንም ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ስለሆነ ፍርዴን አልቀየርኩም።

ቀጣዩ በርንሌይ በተርፍ ሙር ነው። ረጃጅም ኳሶችን፣ የቆሙ ኳሶችንና የእጅ ውርወራዎችን ወደ ግባችን አፍ እንደሚልኩ ሁላችንም እናውቃለን፤ በብሬንትፎርድ የወደቅነውም በዚሁ ነው። ራምስዴል ከመስመሩ ወጥቶ ኳስ ይይዛል ወይስ አይይዝም፣ ጋብሪኤልስ የመጀመሪያውን ኳስ ያሸንፋል ወይ? የእኔ ዓይን እዚያ ላይ ይሆናል።