ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረሰብኝ፤ የትኛውን ላስቀድም፣ እንዴትስ ላቆየው?

አትክልተኛዋ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የሙቀቱ ወራት እያለቀ፣ ሌሊቱም እየቀዘቀዘ በመምጣቱ የጓሮዬ አትክልት ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተደራርቦ ደረሰብኝ። ቲማቲሙ ግማሹ ቀልቷል፣ ግማሹ ገና አረንጓዴ ነው፤ ፎሶሊያው በየሁለት ቀኑ ቅርጫት ይሞላል፤ የቀይ ሽንኩርቱ ቅጠል መሬት ላይ ተኝቷል፤ ዱባዎቹም ቀለማቸውን ለውጠዋል። ከሥራ የምመለሰው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ሁሉንም ባንዴ መሰብሰብ አልችልም። የትኛው ጥቂት ቢቆይ እንደማይጎዳ፣ የትኛውስ ጊዜ እንደማይሰጥ ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከትናንት በስቲያ ስምንት አፈ ሰፊ ጠርሙሶችን በፎሶሊያና በጥቂት ጨው ሞልቼ፣ በሚፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቀቅዬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ክዳኖቹ መሐላቸው ወደ ውስጥ ስርጉድ ብሎ በደንብ ገጥመዋል፣ ውኃውም ጥርት ያለ ነው፤ ሆኖም አንዲት ወዳጄ ስታያቸው ዝም ስላለች ጥርጣሬ ገባኝ። በተጨማሪም ልጆቼ ከአቅራቢያችን ጫካ እንጆሪና እንጉዳይ ለቅመው ያመጣሉ። እንጆሪውን እንበላለን፣ እንጉዳዩን ግን እስካሁን አልነካሁትም።

የጓዳ ሰው

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ስምንቱ ጠርሙሶች ልናገር፤ የቀረው ሁሉ ሊቆይ ይችላል። እባክዎ አይክፈቷቸው፣ ለመቅመስ ያህል እንኳ ወደ አፍዎ አያቅርቡ። ፎሶሊያ አሲዱ አነስተኛ የሆነ አትክልት ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ የሚኖር ሲሆን፣ ክፉ ጊዜን የሚያሳልፍበት ስፖር አለው፤ ይህ ስፖር በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ለሰዓታት ቢቆይ እንኳ ላይሞት ይችላል። በኋላም አየር በሌለበት፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል) ከ4.6 በላይ በሆነ ምግብ ውስጥ፣ ቅዝቃዜ በሌለበት ክፍል ታሽጎ ሲቀመጥ ይነቃና መርዙን ያመርታል። የክዳኑ መግጠም የሚያረጋግጠው አየር መውጣቱን ብቻ ነው፤ ለዚህ ባክቴሪያ ደግሞ የሚመቸው አየር የሌለበት ቦታ ነው። መርዙ ሽታም ሆነ ቀለም ሳይኖረው ሊገኝ ስለሚችል የውኃው መጥራት አያስተማምንም። ስለዚህ ጠርሙሶቹን እንደታሸጉ በወፍራም ከረጢት ቋጥረው፣ ሰውም እንስሳም በማይደርስበት ቦታ ያስወግዷቸው። ድካምዎ ከንቱ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ላባብልዎ አልፈልግም።

ፎሶሊያ በጠርሙስ የሚታሸገው ሙቀቱ ከ116 እስከ 121 ዲግሪ በሚደርስ፣ ለማሸጊያነት በተሠራ የግፊት ድስት ብቻ ነው። እሱ ከሌለዎት ፍሪዘር ይበቃዎታል። ቆራርጠው በሚፈላ ውኃ ለ3 ደቂቃ ይንከሩት፣ ወዲያው አውጥተው በረዶ ባለበት ውኃ ያቀዝቅዙት፣ ውኃውን በደንብ አንጠፍጥፈው በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡት። ይህ አጭር ንክሪያ የአትክልቱን ኢንዛይሞች ስለሚያቆም ቀለሙና ጣዕሙ ለወራት ይቆያል፤ ሳይነከር የገባ ፎሶሊያ ግን ውሎ አድሮ ጣዕሙ ይበላሻል።

ቲማቲም ለጠርሙስ ይመቻል፤ ነገር ግን ፒኤቹ 4.6 አካባቢ ስለሚዋልልና አንዳንዱ ዓይነት ከዚያ ስለሚያልፍ፣ ለእያንዳንዱ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በፋብሪካ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ። ትኩስ ሎሚ የማልመክረው የአሲዱ መጠን ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ ነው። ተጨፍልቆና ፈልቶ የተሞላ ቲማቲም በባሕር ወለል አካባቢ በሚፈላ ውኃ ውስጥ 45 ደቂቃ ሲበቃው፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግን ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ 60 ደቂቃ ያስፈልገዋል።

የጓሮ ሰው

ስለ ጠርሙሶቹ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ቅደም ተከተሉ ልጨምር። ጊዜ የማይሰጥዎ ፎሶሊያው ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ከዘገዩ ፍሬው በውስጡ ያብጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ተክሉም ዘር የሰጠ ስለሚመስለው ማበቡን ይቀንሳል። ስለዚህ ምንም ቢደክምዎ እሱን በየሁለት ቀኑ ይልቀሙ።

ቲማቲሙ ካሰቡት በላይ ታጋሽ ነው። ታችኛው ጫፉ ወደ ሮዝ ማዘንበል ከጀመረ፣ ከተክሉ ላይ ቢነሣም ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ አካባቢ በራሱ ይበስላል፤ ፀሐይ አያስፈልገውም። ፍሪጅ ውስጥ ግን አያስገቡት፤ ከ12 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ጣዕሙን ያደበዝዘዋል። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆኑትን ለመለየት አንዱን በስለታም ቢላዋ መሐል ለመሐል ይሰንጥቁት። ዘሮቹ በዝልግልግ ፈሳሽ ተከበው ከቢላዋው እየሸሹ ከተንሸራተቱ፣ በመጠኑ የሚተካከሉት ሁሉ ቤት ውስጥ ይበስላሉ፤ ቢላዋው ዘሮቹን ለሁለት ከቆረጣቸው ግን ገና ናቸው። የደረሱትን ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በካርቶን ውስጥ ቢያስቀምጧቸው፣ ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ መብሰላቸውን ያፋጥነዋል። ውርጭ ሊወርድ ነው ከተባለ ግን ሳይመርጡ ሁሉንም በዚያው ማታ ያስገቡ።

ቀይ ሽንኩርቱ ቅጠሉ ከተኛ ደርሷል ማለት ነው፤ ዝናብ ሳይመጣ ነቅለው፣ ሳያጥቡ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያስጡት። አንገቱን በሁለት ጣት ሲጨብጡት ውስጡ ርጥበት ከተሰማዎ ገና አልደረቀም፤ እንዲህ ያለው ከተከማቸ ከአንገቱ ጀምሮ ይበሰብሳል።

ዱባው የመጨረሻው ይሁን። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ቆዳው ላይ ሲጫኑት ካልሰረጎደና አገዳው ደርቆ እንደ እንጨት ከሆነ ደርሷል። አገዳውን ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡት፣ ሲሸከሙትም በአገዳው አይያዙት፤ ከተገነጠለ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

የጫካ ዳር

እንጉዳዩን ባለመንካትዎ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ እባክዎ በዚያው ይጽኑ። አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው ዝርያ በዓለም ላይ በእንጉዳይ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የገደለ ነው፤ መርዙ በመቀቀልም ሆነ በማድረቅ አይጠፋም። የሚያታልለው ሕመሙ ዘግይቶ መጀመሩ ነው፤ ማስታወክና ተቅማጥ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያም ሰውየው የተሻለው መስሎ ሳለ ጉበቱ እየተጎዳ ይሄዳል። ብር አብሮ ቢቀቀል ይጠቁራል፣ ቀንድ አውጣ የበላው ለሰው ይሆናል የሚባለው ሁሉ እውነት አይደለም። የአካባቢውን ዝርያዎች ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንጉዳዩን በእጁ ይዞ ሳይለይ አይብሉ፤ በፎቶግራፍ የሚሰጥ ፍርድ አይበቃም።

እንጆሪውን በተመለከተ፣ ከመንገድ ዳርና መድኃኒት ከሚረጭበት እርሻ አጠገብ እንዳይለቅሙ ልጆቹን ያስጠንቅቁ። ሳይጎተት በቀላሉ የሚለቀው የበሰለው ነው። ካጠቡት ቶሎ ስለሚሻግት ሊበሉት ሲሉ ብቻ ይጠቡት።

አትክልተኛዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠርሙሶቹን ትናንት ማታ አስወገድሁ። አንድ አረንጓዴ ቲማቲም ሰነጠቅሁ፤ ዘሮቹ ከቢላዋው ሸሹ፣ በመጠን የሚመሳሰሉትንም በሁለት ካርቶን ደረደርኋቸው። የቀሉትን ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አብስዬ ሎሚ ጨምሬ ባሽግስ?

የጓዳ ሰው

እንደዚያ አያድርጉ። ሽንኩርቱም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ቃሪያውም አሲዳቸው አነስተኛ ስለሆነ የድብልቁን ፒኤች ከ4.6 በላይ ሊያወጡት ይችላሉ፤ በዓይን ልኬት የተጨመረ ሎሚም ያንን ማረሙ አይታመንም። ቲማቲሙን ብቻውን ያሽጉ፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ጠርሙሱን ከፍተው ሲያበስሉ ይጨምሩት። ድብልቁን አሁኑኑ ከፈለጉት ደግሞ ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለው፣ ሲረጋ ስለሚሰፋ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ትተው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት።