ጥቆማ፦ ለግል ቢሮ የትኛው የመብራት መቆጣጠሪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሕንፃችንን ለሊድ (ለአካባቢ ተስማሚ ሕንፃዎች የሚሰጥ በነጥብ የሚመዘን ማረጋገጫ) ስሪት 4 እያዘጋጀን ነው። 40 የአንድ ሰው ቢሮዎች አሉን። አንዱ ባለሙያ ዳሊ (መብራቶችን በዲጂታል ትእዛዝ የሚቆጣጠር ሥርዓት) ግዙ ይለናል፣ ሌላው ሴንሰር ብቻ ይበቃችኋል ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሴንሰር ብቻ አይበቃም። ሰው ሲገባ የሚያበራና ሲወጣ የሚያጠፋ ሴንሰር ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ የሊድ የመብራት ቁጥጥር ነጥብ ግን የሚገኘው ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ብርሃኑን ለሥራውና ለዓይኑ እንደሚስማማው መለወጥ ሲችል ነው። መስፈርቱ ቢያንስ ሦስት ደረጃ ይጠይቃል፦ ሙሉ፣ መካከለኛ፣ ጠፍቶ። መካከለኛው ከሙሉው ብርሃን ከ30 እስከ 70 በመቶ መሆን አለበት፣ በመስኮት የሚገባው ሳይቆጠር። ለአንድ ሰው ከተመደቡት ቦታዎች 90 በመቶው ይህን ማሟላት አለበት። ከ40 ቢሮ 36 ይበቃል ማለት ነው፣ እኔ ግን አራት ሰዎችን ለይቶ መተው አይዋጥልኝም። ክፍት አዳራሽ ውስጥ የየግል ጠረጴዛዎች ካሏችሁ እነሱም እንደሚቆጠሩ አትርሱ።

ግድግዳችሁ ባለበት የሚቆይ ከሆነ ምርጫዬ በየቢሮው ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚሠራ የግድግዳ ዲመር (የብርሃን መቀነሻ) ነው። ከኃይል መስመሩ ሌላ ሁለት የመቆጣጠሪያ ሽቦ ይፈልጋል፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ እንዳይገለበጥ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ድራይቨሮች (ለኤልኢዲ መብራት ኃይል የሚሰጡት መሣሪያዎች) እስከ ታች ቢቀንሱም ጨርሰው ስለማያጠፉ፣ ማጥፊያው ዲመሩ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

ፓርቲሽን እያነሳችሁ የምትተክሉ ከሆነ ዳሊ ይሻላል። በአንድ መስመር እስከ 64 አድራሻ (ለየብቻ የሚታዘዝ መሣሪያ) ይይዛል፣ የሽቦው አቅጣጫ ቢለዋወጥም ይሠራል፣ ቢሮ ሲከፈል ሽቦ ሳትነኩ በፕሮግራም ብቻ ታስተካክላላችሁ። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የዳሊ መደበኛ አቀናነስ ለዓይን ስሜት የተሠራ ነው፤ ከ254 ደረጃ እኩሌታው 127 ብታደርጉት የምታገኙት 3 በመቶ ገደማ ብርሃን ብቻ ነው። ግማሽ ብርሃን የሚገኘው 229 አካባቢ ነው። መካከለኛውን ደረጃ «ግማሽ ነው» ብሎ 127 ላይ የተወ ባለሙያ መስፈርቱን ስቷል። ስለዚህ በማታ፣ መጋረጃ ዘግታችሁ፣ ጠረጴዛው ላይ በሉክስ ሜትር (የብርሃን መለኪያ) ለኩ።

ያለቀ ሕንፃ ከሆነና ግድግዳ መፈልፈል ካልፈለጋችሁ ገመድ አልባው መቆጣጠሪያ ያዋጣል። ሲጫኑት ከጭነቱ ራሱ ኃይል የሚያመነጭ ባትሪ የማይፈልግ ማብሪያ ማጥፊያም አለ።

የኃይል መስመሩን ሞገድ እየቆረጠ የሚቀንሰውን ተራ ዲመር ግን አልመክርም፤ ከኤልኢዲው ድራይቨር ጋር ካልተስማማ ብርሃኑ ይርገበገባል።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ገጠማውንስ ለማን እንስጥ?

መልስ፦ ለዲመሩ ጥሩ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይበቃችኋል። ለዳሊ ግን ፕሮግራም የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል፤ የአድራሻ ዝርዝሩን፣ ፋይሉንና የይለፍ ቃሉን እንደሚያስረክብ ውል ላይ ጻፉ። ከማንም ጋር ከመፈረማችሁ በፊት የምትገዙትን መብራትና ዲመር አንድ ቢሮ ውስጥ ገጥሞ ያሳያችሁ፣ እዚያ የሚሠራውም ሰው ጥቂት ቀን ይሞክረው።