ለፍሬሽማን ሳይንስ በሲኒየር የሚመራ ግሩፕ ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን?

ጥያቄው፦ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ላይ በሳምንት አንዴ ከ6 እስከ 8 ፍሬሽ ተሰብስቦ፣ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፈ ሲኒየር እየመራቸው ጥያቄ የሚሠሩበት ሰዓት ግዴታ ይደረግ? የሰሜን ሸዋ ልጆች ሀሳባችሁን ጣሉ።

የመንዝ ልጅ፦ እኔ አልስማማም። ሃይስኩል እያለን 1 ለ 5 ተብሎ ያየነውን እናውቃለን እኮ፣ አምስታችን አንዷ ጎበዝ ልጅ ላይ ተጭነን እሷ ትሠራለች እኛ እንገለብጣለን፣ ማርኩ እኩል፣ ፈተና ላይ ግን ባዶ። አባቴ በግ ሸጦ የላከኝ ከመምህር እንድማር ነው።

ሲኒየር ኬሚስትሪ፣ ደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ 1 ለ 5 እኔንም አቃጥሎኛል፣ ይሄ ግን ሌላ ነው። ሌክቸሩ አይቀርም። መሪው ደሞ መልስ አይናገርም፣ ኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ኬሚስትሪ ላይ ሲጀምሩት የመልስ ወረቀት ራሱ አይታደልም ነበር። ባለፈው ብርዱ ሲጠና ጀበና ቡና ቤት ጋቢያችንን ተከናንበን ሊሚቲንግ ሪአጀንት (ቀድሞ የሚያልቀውን ንጥረ ነገር መለየት) እየሠራን፣ 8 ሞል ሃይድሮጅንና 5 ሞል ኦክስጅን ውሃ ሲሆኑ (ሞል የመጠን መለኪያ ነው፣ ለ1 ኦክስጅን 2 ሃይድሮጅን ያስፈልጋል) የቱ ቀድሞ ያልቃል አልኳቸው። አንዷ ወዲያው "ኦክስጅን፣ 5 ያንሳላ" አለች። ዝም ብዬ 5 ስኒ ደረደርኩና 8 ማንኪያ ስኳር አለን፣ ለአንድ ስኒ 2 ማንኪያ፣ አድርጊው አልኳት። አራተኛው ስኒ ላይ ስኳሩ አለቀ። ስኒውን ትንሽ አየችውና "በቁጥር የበዛው ቀደመ!" ብላ ደብተሯን ሳበች፣ ሃይድሮጅኑን ለ2 አካፍላ ራሷ ጨረሰችው። እኔ ነግሬያት ቢሆን በማግስቱ ትረሳው ነበር።

የፊዚክስ መምህር፦ በፈረንጆቹ 2014 ላይ የወጣ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አለ፣ ሌክቸር ብቻ ሲሆን በአማካይ 33.8 ፐርሰንት ተማሪ ይወድቃል፣ ተማሪው ራሱ የሚሳተፍበት ሲሆን 21.8። ሃርቫርድ ደግሞ በፈረንጆቹ 2019 ላይ በፊዚክስ ክፍል እንዳሳዩት ልጆቹ በተሳትፎው ክፍል የተማሩት ያነሰ ይመስላቸዋል፣ ፈተናው ላይ ግን ይበልጣሉ። ስለዚህ "ምንም አልገባኝም" ስላለ ብቻ ማቆም ስህተት ነው። ግን መሪው ካልሰለጠነና ካልተከፈለው ያው የመንዙ ልጅ ያለው ነው የሚሆነው፣ ይሄን ደጋግሜ እላለሁ።

የፍቼ ልጅ፦ መምህር ያሉት ልክ ነው ግን ቋንቋውስ? ሲኒየሩ በአማርኛ ሲያስረዳ ከወለጋ ወይ ከጅግጅጋ የመጣው ልጅ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ፈተናው ደሞ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ በኦሮምኛ ነው እስከ 8 የተማርኩት፣ መጀመሪያ ዓመት እንደዛ ግሩፕ ውስጥ ሲስቁ አብሬ እስቅ ነበር፣ ምን እንዳሉ ሳይገባኝ።

ሲኒየር ኬሚስትሪ፦ እህቴ ይቅርታ፣ ይሄን በደንብ አላሰብኩበትም ነበር። ግሩፑ ላይ ሁለት ቋንቋ የሚችል መሪ ይመደብ፣ ከሌለ ደሞ ጥያቄው በእንግሊዝኛ እየተነበበ ሁሉም በየተራ ቦርዱ ላይ ይሥራ፣ ስኳርና ስኒ ቆጥሮ ለማሳየት ብዙ ቋንቋ አይጠይቅም።

የመንዝ ልጅ፦ እሺ የስኳሩ ነገር ገብቶኛል፣ እውነት ለመናገር እኔም ኦክስጅን ነበር የምለው። ሐሙስ እመጣለሁ። ግዴታ መሆኑን ግን አሁንም አልቀበልም፣ የስም መዝገብና የግሩፕ ማርክ ካመጣችሁ ወጥቼ እሄዳለሁ።