ከማሳይ ማራ ወደ ሴሬንጌቲ እንዴት እንሻገር?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ መላ በሉኝ። ከእናቴ ጋር ኬንያ ነኝ። ማሳይ ማራ ከገባን ሁለተኛ ቀናችን ነው። የከፈልነው የ6 ቀን ሳፋሪ ነው፤ 3ቱ እዚህ፣ 3ቱ ታንዛኒያ ያለው ሴሬንጌቲ ፓርክ። አዲስ አበባ ሆኖ ያስያዘን ሰውዬ «በመሀል አጥር የለም፣ በቀጥታ ትሻገራላችሁ» ብሎን ነበር። እውነቱን ነው፣ አጥር የለም። ግን የሚሻገረው የሜዳ አህያና ዊልደቢስት የሚባለው የዱር እንስሳ ነው!

ዛሬ ሹፌራችን የላንድክሩዘሩ ኮፈን ላይ ባለው አቧራ በጣቱ ካርታ ሣለልን። በሁለቱ ፓርኮች መሀል ያለው የሳንድ ሪቨር መሻገሪያ ለቱሪስት ዝግ ነው፤ ዞሮ በድንበር ከተማዋ በኢሲባኒያ መውጣት ነው። የኬንያ አስጎብኚ መኪና ታንዛኒያ ፓርክ ስለማይገባ ደግሞ ድንበር ላይ መኪና መቀየር አለ። ወጪውን ማን ይሸፍን? ሰውዬው ስልክ አያነሳም።

ጣጣው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የእማዬ የቢጫ ወባ ካርድ ቤት ቀርቷል፤ ታንዛኒያ ደግሞ ከኬንያ የሚገባን ሰው ትጠይቃለች። እህቴ ፎቶውን በቴሌግራም ልካልኛለች። በፎቶ ያለፈ ሰው አለ? ወይስ ሴሬንጌቲን ትተን እዚሁ ኬንያ ናኩሩ ሐይቅ ፓርክ ብንሄድ ይሻላል? እማዬ እንደሆነች አውራሪስ ካላየሁ ብላለች፣ እዚያ አይጠፋም። ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው የምንወጣው።