ለሦስት ከተሞች አንድ የጋራ የውሃ መስመር ወይስ ለየብቻ ጉድጓድ? የ20 ዓመት ስሌት

የደጋ_ምንጭ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ላሉ ሦስት ከተሞችና በዙሪያቸው ላሉ የገጠር ቀበሌዎች የ20 ዓመት የውሃ ዕቅድ ይሠራ ተብሏል። ከተሞቹ 18,000፣ 11,000 እና 6,000 ሕዝብ አላቸው፤ ቀበሌዎቹ ተደምረው 27,000። አንደኛው ሐሳብ በየከተማው ሁለት ሁለት ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ሁለተኛው ከደጋው ምንጭና ከቆላው ጉድጓዶች ውሃውን ቀላቅሎ በአንድ መስመር ለሁሉም ማዳረስ ነው። የቆላው ጉድጓድ ፍሎራይድ በሊትር 3 ሚሊ ግራም፣ የምንጩ 0.4 ነው። ምንጩ መስከረም ላይ ሲለካ በሰከንድ 25 ሊትር ሰጥቷል። የትኛው ያዋጣል? ስሌቱስ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?

ሊትር_በሰከንድ
መጀመሪያ ፍላጎቱን አውጣ። የከተማውን ዕድገት በዓመት 4.5 በመቶ፣ የገጠሩን 2 በመቶ ብንይዝ በ20 ዓመት ከተሞቹ 43,400፣ 26,500 እና 14,500 ገደማ ይሆናሉ፤ ገጠሩ 40,100። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መስፈርት ከ20,000 በታች ለሆነ ከተማ በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ሊትር፣ ከ20,000 እስከ 50,000 ላለው 50 ሊትር፣ ለገጠር 25 ሊትር ነው። ብዙ ዕቅድ እዚህ ጋ ይሰናከላል፤ ሁለቱ ትልልቅ ከተሞች ዛሬ የ40 ሊትር ደረጃ ላይ ስላሉ በ40 ተባዝተው 20 ዓመት ይሄዳሉ።

ድምሩ ለቤት ፍጆታ በቀን 5,080 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለሆቴልና ለመሳሰሉት የከተማውን 20 በመቶ ጨምርበት፤ 5,890 ይሆናል። ብክነት ከምርቱ 20 በመቶ ነው ካልክ ማምረት ያለብህ 7,365 ነው። ፍላጎቱ ለሚያይልበት ቀን በ1.2 ስታባዛው 8,840 ሜትር ኩብ። 24 ሰዓት ሳይቋረጥ ቢፈስ በሰከንድ 102 ሊትር ማለት ነው።

አሁን ፍሎራይዱን እይ። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 1.5 ነው፤ ትንሽ መጠባበቂያ ትተህ 1.4 ላይ ለማረፍ የቆላው ውሃ ከቅልቅሉ 38 በመቶ ገደማ ብቻ መሆን አለበት። የምንጩ 25 ሊትር ባይቀንስ እንኳ ቅልቅሉ በጠቅላላው 40 ሊትር ነው። ከ102 ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ሁለቱም ሐሳቦች ወድቀዋል፤ ለየብቻ የሚቆፈረውም ያው 3 ሚሊ ግራም ነው። ጉድጓዶቹን ወደ ዳገቱ አውጥቶ ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ውሃ መፈለግ፣ ከዚያ በስበት ማውረድ። ውሃው ያለው አንድ ቦታ ከሆነ መስመሩ የግድ የጋራ ይሆናል። የአርሲው ሂጦሳ ከተራራ ምንጭ በስበት ከተሞችንና ቀበሌዎችን በአንድ መስመር አገናኝቶ ሠርቷል።

ቪ_ኖች
የመስከረሙን 25 ሊትር እርሳው። ክረምቱ እንደወጣ የተለካ ምንጭ የሚያሳይህ ጥጋቡን ነው። የሚለካው በበጋው ማብቂያ፣ የበልግ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ነው፤ ቢቻል በየወሩ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት።

ባለ 90 ዲግሪ ቪ-ኖች (ውሃው የሚያልፍበት በV ቅርጽ የተቆረጠ ሳህን) አቁም። በኖቹ ላይ የውሃው ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 25 ሊትር፣ 15 ሲሆን 12 ሊትር ብቻ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ግማሹን ይወስደዋል! ለዚህ ነው ማስመሪያውን ኖቹ አፍ ላይ መትከል ጥፋት የሚሆነው፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ዝቅ ይላል። ወደ ኋላ የከፍታውን አራት እጥፍ ያህል (ለ20 ሳንቲ ሜትር 80) ርቀህ ትከለው፤ ዜሮው ከኖቹ የታችኛው ጫፍ ጋር በውሃ ልክ ይስተካከል። የቀረውን ውሃ ሁሉ ደግሞ አትጥለፈው፣ ከታች የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ።

ኬዝንግ
ዳገቱ ላይ ከተቆፈረ የፓምፕ ሙከራው ላይ አትቆጥቡ። ለከተማ ጉድጓድ ደረጃ በደረጃ ከሚጨምረው ሙከራ በኋላ 72 ሰዓት በአንድ መጠን ይሳብ፣ ፓምፑ ሲቆም የማገገሚያው ንባብም ይወሰድ። 72 ሰዓት 4,320 ደቂቃ ነው፤ 10 ዓመት ደግሞ 5.26 ሚሊዮን ደቂቃ። በሎግ ወረቀት ላይ ሦስት ዑደት ይርቃሉ (አንድ ዑደት ጊዜው አሥር እጥፍ ሲሆን ነው)። በአንድ ዑደት 2.5 ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ በ10 ዓመት ሌላ 7.7 ሜትር ይወርዳል፣ የጎረቤት ጉድጓዶች ጫና ሳይታሰብ። ፓምፑ የሙከራውን ቀን የውሃ ከፍታ ብቻ ታይቶ ከተሰቀለ በሦስተኛው በአራተኛው ዓመት አየር መሳብ ይጀምርና ሞተሩ ይቃጠላል። ከዚያ «ጉድጓዱ ደረቀ» ይባላል።

አንዱ ሲሳብ በሌሎቹ ውስጥ ያለውን ከፍታ ለኩ። ፓምፕ የማይገባበት አንድ የመከታተያ ጉድጓድም ይኑር።

የደጋ_ምንጭ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን 20 በመቶ ብክነት በእኛ ከተሞች ይታመናል?

ሊትር_በሰከንድ
ዛሬ አይታመንም፤ ዋጋውን ግን አስላው። ከምንጩ የበጋውን 12 ሊትር (በቀን 1,037 ሜትር ኩብ) ቀንሰህ ቀሪውን በቀን 16 ሰዓት ብትስብ፣ በ20 በመቶ ብክነት 135 ሊትር በሰከንድ፣ በ35 በመቶ ግን 171 ያስፈልግሃል። እያንዳንዱ ጉድጓድ 25 ሊትር ቢሰጥ 6 የነበረው 7 ይሆናል፣ መጠባበቂያው ሳይቆጠር። ጉድጓዱን፣ ፓምፑን፣ ትራንስፎርመሩን ደምረው፤ ለቆጣሪ ከምታወጣው ጋር አወዳድረው።

በየከተማው መግቢያ ትልቅ ቆጣሪ አድርግና ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት አንብብ፤ ያኔ ተጠቃሚው ስለሚተኛ የሚያልፈው በአብዛኛው ብክነት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ይህ ንባብ ያታልላል፤ ሮቶ የሚሞላው ሌሊት ስለሆነ የሚፈሰው ሁሉ ብክነት አይደለም። መጀመሪያ አንዱን ሰፈር ሳታቋርጥ አንድ ሳምንት አጠጣ፣ ሮቶዎቹ ጠግበው ሲያበቁ ለካ።

ቦኖ
ማንም ያላነሳው መስኖ አለ። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በአንድ ወቅት 5,500 ሜትር ኩብ ያህል ቢጠጣ፣ 200 ሄክታር በዓመት ሁለቴ 2.2 ሚሊዮን ነው። የእናንተ ሦስቱ ከተሞችና ቀበሌዎቹ በ20 ዓመቱ ማብቂያ በዓመት 2.7 ሚሊዮን። ጉድጓዶቹ አካባቢ የናፍጣ ፓምፖች ከገቡ የሙከራ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ የሚውል ውሃ ቅድሚያ አለው፣ ለመስኖ መሳብም ፈቃድ ይጠይቃል (በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ነፃ ነው)። ስለዚህ የጉድጓዶቹን ዙሪያ ቁፋሮው ሳይጀመር በካርታ አስከልሉ፤ ሽንኩርቱ ከተተከለ በኋላ ማን ያስቆመዋል?